የአቦ ጨፌ ዕጣ

ባለፈው ጥቅምት ለሥራ ደብረ ታቦር ሄጄ ነበር። ከመናኸሪያው ወጥቼ አስፋልቱን ይዤ ስሄድ፣ ጣሪያው ላይ ሁለት ሸክም ሣር ያሰረ ባጃጅ አጠገቤ ቆሞ ሰው አወረደ። ሣሩ የዚያን ዕለት የታጨደ ነው፤ ማገጥና ግጫ የተቀላቀለበት፣ ጭቃ ጭቃ የሚሸት የጨፌ ሣር። ሽታው ሲደርሰኝ እግሬ አልንቀሳቀስ አለ። ባለ ባጃጁ የምሳፈር መስሎት «ግቢ እንጂ እህቴ» አለኝ። አልገባሁም። ያ ሽታ ለሌላው ሰው የጥቅምት ሽታ ነው። እኔን የሚያስታውሰኝ አያ ስንሻውንና ያደረግሁባቸውን ነገር ነው።

ተጠራጣሪ ሰው ነኝ፤ አልክድም። ወተት ሳላሸት አልጠጣም። በር ቆልፌ ከሄድኩ በኋላ ተመልሼ አንዴ ካልገፋሁት አያስችለኝም። ሰው ሲያመሰግነኝ «ምን ፈልጎ ይሆን?» እላለሁ። ይህ ጠባይ ግን በእኔ አልተጀመረም። በእኛ አገር ሰላምታውን ከወትሮው አንድ ቃል ያስረዘመ ሰው፣ ቤቱ ሳይደርስ ምን አስቦ እንደሆነ ይወራበታል።

አያ ስንሻው የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ቤታቸው ከደብረ ታቦር በጋፋት በኩል ወጥቶ ለሚሄድ የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ላይ፣ ከአቦ ቤተ ክርስቲያን ግርጌ ነበር። ገብስና ድንች ያርሳሉ፤ ሁለት በሬ፣ አንድ ላምና ጥቂት በጎች ነበሯቸው። በወጣትነታቸው ዘምተው ብዙ ዓመት በሰሜን ግንባር ቆይተዋል። ከዚያ ይዘው የተመለሱት የማይሰማ ግራ ጆሮ፣ ብርድ ሲሆን የሚያነክሳቸው ጭንና ምሽግ ውስጥ የቆጠሩትን ፊደል ነው።

ለክልሉ ምክር ቤት የተመረጡት በአንድ ንግግር ነው ማለት ይቻላል። ቀበሌ ስብሰባ ላይ ከከተማ የመጣ ሰው ስለ ማዳበሪያ ሲያብራራ ዋለ። አያ ስንሻው ተነሡና፣ ማዳበሪያው የሚደርሰን ድንቹ ካበበ በኋላ ነው፣ እንግዲህ አበባው ላይ እንበትነው ወይስ እናንተ ላይ ብለው ጠየቁ። ሕዝቡ እየሳቀ አጨበጨበ፤ ምርጫው ሲመጣም የሁሉም አፍ ላይ የእሳቸው ስም ነበር። ፍቅሩ የቆየው ግን ኮት እስኪለብሱ ድረስ ነው። ለመጀመሪያው ጉባኤ ወደ ባሕር ዳር ሲሄዱ ሚስታቸው እቴ የሻረግ ከደብረ ታቦር ገበያ ግራጫ ኮት ገዝተው አለበሷቸው። በማግሥቱ መንደሩ ስም አወጣላቸው፤ «ምክር ቤቱ» ተባሉ። ምክር ቤቱ ዛሬ ያርሳል፤ ምክር ቤቱ በግ ጠፋበት፤ እየተባለ ይሳቃል። ሳቁ ውስጥ ነገር እንዳለበት እኔ እንኳን ይገባኝ ነበር።

ያን ክረምት እናቴ እሳቸው ቤት አስቀመጠችኝ። ልጅ አልነበራቸውምና፣ እሳቸው ለጉባኤ ሲሄዱ እቴ የሻረግ ብቻቸውን እንዳይሆኑ ነው። ወንዙን አሻግራ አድርሳኝ ልትመለስ ስትል «ዓይንሽን ገልጠሽ ተቀመጪ» አለችኝ። ዛሬ ሳስበው እንቅልፍ አታብዢ፣ ሥራ አትለግሚ ማለቷ ነው። እኔ ግን አጎቴን እንድጠብቅ የላከችኝ መሰለኝ። አሥር ዓመቴ ነበር፣ አራተኛ ክፍልን ጨርሻለሁ፣ እንደ ትልቅ ሰው አደራ ተሰጠኝ ብዬ አመንኩ።

ጠብቂ ለተባለ ሰው ደግሞ አያ ስንሻው ሥራ የሚያስፈቱ አልነበሩም። የትም ቤት ሲገቡ ግድግዳ ተደግፈው፣ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ነው የሚቀመጡት። በሄዱበት መንገድ አይመለሱም፤ በላይኛው ሄደው በታችኛው ይመጣሉ። ከባሕር ዳር ሲመለሱ ቤት ሳይገቡ በረት ገብተው በሬዎቹን ይዳብሳሉ፤ ሰው ሰላም የሚሉት ከዚያ በኋላ ነው። ብርድ ልብሳቸውን ጠዋት ጠዋት አራት ማዕዘን አድርገው ያጥፉታል፤ ሌላ ሰው ከነካው ያውቃሉ። ይህ ሁሉ የዘማች ልማድ መሆኑን ማን ይንገረኝ? የሚደብቁት ነገር አላቸው ብዬ ደመደምኩ።

ጆሯቸውንም አላመንኩትም። አንድ ቀን አጥር ሥር ተቀምጠው ማጭድ ሲስሉ በግራቸው በኩል ቀስ ብዬ ተጠጋሁና «ቦራ ሞተ» አልኩ በሹክሹክታ። ቦራ ከሁለቱ በሬዎቻቸው የሚወዱት፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ነው። ንቅንቅ አላሉም። እውነትም አይሰሙም ማለት ሲገባኝ፣ እንዴት ያሉ ብልጥ ናቸው፣ የቦራን ሞት ሰምተው እንኳን ፊታቸውን አይለውጡም አልኩ። ከባሕር ዳር እስክሪብቶ ሲያመጡልኝም ጉቦ መሰለኝ። ተቀብዬ አመሰገንኩና፣ ላልጽፍበት ወስኜ ከእቴ የሻረግ ሞሰብ ኋላ ደበቅሁት።

የጨፌውን ነገር እዚህ ላይ ልንገራችሁ። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች መንደሩ በጋራ የሚያጭደው የወል ሣር ነበር። ከሰኔ ጀምሮ ከብት አይገባበትም። በጥቅምት መጀመሪያ ሣሩ ሲደርስ ሰው ተሰብስቦ በገመድ ይለካውና እኩል ይከፋፈለዋል። ማን የቱን እንደሚያገኝ የሚወስነው ዕጣ ነው። እያንዳንዱ አባወራ አንድ ምልክት ይዞ ይመጣል፤ ጠጠር፣ ባቄላ፣ የበግ በጠጥ፣ የእንጨት ስንጥር፣ ያገኘውን። የጨፌው ዳኛ ምልክቶቹን አንድ በአንድ ተቀብሎ በነጠላ ይቋጥራል። ከዚያ አባቱ ከሣሩ ድርሻ የሌለው፣ የማን ምልክት የቱ እንደሆነ የማያውቅ ልጅ ተጠርቶ በየድርሻው ላይ አንዳንድ ያስቀምጣል። ባቄላ ያመጣው ሰው ባቄላው ያረፈበትን ያጭዳል፤ ከዚያ በኋላ ክርክር የለም። ጨፌው ደግሞ ሁሉም አንድ አይደለም። ላይኛው ማገጥ የበዛበት፣ ከብት የሚያወፍር ነው። ታችኛው፣ ወንዙ ጥግ ያለው፣ ማጥ ነው፤ የሚበቅልበት ግጫ ከብት አፍንጫውን የሚያዞርበት፣ ውኃው አልቅት የሞላበት። ማጡ የደረሰው ሰው ዓመቱን ሙሉ ሲያማርር ይከርማል።

በዚያ ክረምት፣ ሐምሌ ላይ፣ ከከተማ ሰዎች መጥተው ጨፌው ዳር መሣሪያ ተከሉ። ሲለኩ ውለው ጫፋቸው ቀይ የተቀባ ችካሎች ቸክለው ሄዱ። ደብረ ታቦር እየሰፋች ወደኛ እየመጣች ነው ይባል ነበር፤ ችካሉ ለምን እንደሆነ ግን ለማንም አልተናገሩም። በዚያው ሳምንት አያ ስንሻው ከባሕር ዳር ተመለሱ። ሰው ሁለቱን ነገር አገናኘው።

በማግሥቱ ጎረቤቶች እንኳን ደህና ገቡ ሊሉ መጡ። የጨፌው ዳኛ አያ ጎበዜም ነበሩ፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲናገሩ ዓይናቸውን የሚጨፍኑ ሽማግሌ ናቸው። እቴ የሻረግ ጠላ ቀዱ። እንደ ወጉ ጣሳውን ከመስጠታቸው በፊት መዳፋቸው ላይ ጠብ እያደረጉ ቀመሱ። እንግዶቹ ተቀበሉ፤ ግን አይጠጡም። ስለ ዝናቡ አወሩ፣ ስለ ገብሱ ዋግ አወሩ፣ ጣሳው እጃቸው ላይ ነው። እቴ የሻረግ ፊታቸው ተለዋወጠ። ተነሥተው የአያ ጎበዜን ጣሳ መልሰው ተቀበሉና እንደገና ቀመሱ። መርዝ የፈራ ሰው አልነበረም። ጠላውን ጠጥተው ነገ ሰውዬውን መክሰስ እንዳይከብዳቸው ነው፤ ያኔ ይህ አልገባኝም።

በመጨረሻ አያ ጎበዜ ስለ ችካሉ ያውቁ እንደሆነ ጠየቋቸው። አያ ስንሻው «አውቃለሁ፤ እየተከታተልኩት ነው» አሉ። እንዲህ ያለ አነጋገር ከቢሮ ሰው እንጂ ከገበሬ አፍ ተሰምቶ አይታወቅም። እንግዶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ጠላውን ግማሽ ግማሽ እየተዉ ወጡ፤ እቴ የሻረግም የተረፈውን ለማንም ሳይሰጡ ደጅ ደፉት።

ነሐሴ ሲገባ አያ ስንሻው ጠዋት ጠዋት ከቤት መጥፋት ጀመሩ። ጉሙ ሳይነሣ ይወጣሉ፣ እግራቸው እስከ ጉልበቱ ርሶ ይመለሳሉ። አንድ ጠዋት ተከተልኳቸው። የወረዱት ወደ ጨፌው ነው። እኔ ከባሕር ዛፎቹ ኋላ ቆምኩ። እንደ ሰልፈኛ ቀጥ ብለው ከጫፍ እስከ ጫፍ በእርምጃ ለኩት። ምንጩ ጋ ሲደርሱ ቆመው ወረቀት አወጡና ጻፉ። ችካሎቹንም እየዞሩ አዩዋቸው፤ አንዱን በእጃቸው ነካ አድርገው ተዉት። የሚሸጥ ካልሆነ በቀር የወል ሣር ማን ይለካል፣ ያውም ከጥቅምት በፊት፣ ያውም ብቻውን?

ወረቀቱን ኮታቸው የውስጥ ኪስ እንደሚያኖሩት አውቄ ነበር። እቴ የሻረግ ውኃ ሊቀዱ ሲወርዱ፣ እሳቸውም በረት ሲገቡ፣ ከምሰሶው ላይ ከተሰቀለው ኮት ወረቀቱን አወጣሁት። ሁለት ገጽ ነው። የመጀመሪያው ላይ የጨፌው ቅርጽ በመስመር ተሥሏል፤ ከሥዕሉ በታች ያለው ጽሑፍ «በካርታው ላይ ጠፍ መሬት ተብሎ የተመለከተው» ብሎ ይጀምራል። ሁለተኛው ገጽ ግርጌ የአያ ስንሻው ስምና ፊርማ አለ። መካከሉን ላነብ ስል ዱላቸው ደጃፉ ላይ ሲያርፍ ሰማሁ። እንደምንም መልሼ ከተትኩት። ያየሁት ግን በቃኝ፤ ያን የመሰለ ጨፌ ጠፍ ነው ብለው ፈርመውበታል።

ቡሄ ዕለት እናቴ ሙልሙል ይዛልን ስትመጣ ወደ ጓሮ ወስጄ ነገርኳት። ለማንም እንዳልናገር አስጠነቀቀችኝ። እሷ ግን ወንዙ ላይ ለአንዲት ሴት ተናገረች፤ ለወንድሟ ጨንቋት፣ ምክር ፍለጋ ነው። ሳምንት ሳይሞላ አገሩ ሁሉ ሰማ። እስከዚያ ድረስ «ሸጧል አሉ» ነበር የሚባለው፤ ከዚያ በኋላ «ፈርሟል፣ የቤቱ ሰው አይቶታል» ሆነ። የቤቱ ሰው የተባልኩት እኔ ነኝ። ኩራት ተሰማኝ። አሁን ይህን ስጽፍ ፊቴ ይግላል።

በመስከረም፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰው በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር እንደተቀመጠ አያ ስንሻው ያንኑ ወረቀት ይዘው መሐል ቆሙ። በከተማው ፕላን ላይ ጨፌው ጠፍ መሬት ተብሎ እንደተሣለ ተናገሩ። ጠፍ ከተባለ ባለቤት የለውም ተብሎ ይወሰዳል፤ ጉዳዩ የሚታየው በጥቅምት መጨረሻ ነው። እሳቸው ተቃውሞ ጽፈዋል፤ ነገር ግን የአንድ ሰው ፊርማ አይበቃም፣ የሣሩ ባለድርሻዎች ሁሉ የጣት አሻራ ያስፈልጋል። አሻራው ካልደረሰ ጨፌው ሄደ ማለት ነው። ይህን ሁሉ ሲሉ ድምፃቸው አልተለወጠም፤ ስለ በሬ ዋጋ የሚያወሩ ይመስሉ ነበር።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። አሻራ በእኛ አገር ቀላል ነገር አይደለም፤ ወረቀት ላይ ካረፈ በኋላ መልሱልኝ ቢሉ የሚሰማ የለም። ወረቀቱ ይነበብ ተባለ። ታዲያ ማን ያንብበው? አያ ስንሻው ራሳቸው ያንብቡ እንዳይባል፣ የሌለውን ሊያነቡ ነው። መምህሩ እንዳያነቡ የመንግሥት ደመወዝተኛ ናቸው። ዲያቆኑ እንዳያነብ ክርስትና ያነሡት አያ ስንሻው ናቸው። አንዱ ወደ እኔ ጠቆመ። ሌላው ወዲያው፣ እሷማ እዚያው ቤት አይደለም ወይ የምትበላ፣ ያስጠኗትን ነው የምትል አለ። እንዲህ ሆኖ፣ ያ ሁሉ ሰው ተቀምጦ፣ የሁለት ገጽ ወረቀት የሚያነብ አልተገኘም። ከግራቸው በኩል አንድ ሰው «ምን ቢያጎርሱት ነው?» አለ። አያ ስንሻው አልሰሙም። እኔ ግን ሰምተው የቻሉት መሰለኝ። ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ባልመጡበት በኩል፣ በምሥራቁ በር ወጡ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ ከበደ። እቴ የሻረግ አንድ ቀን ድንች እየላጡ ዕንባቸው ወረደ። ይህን ኮት ያለበስኩህ ቀን እጄ በተቆረጠ ብለው ባላቸውን ተናገሩ። አያ ስንሻው ኮቱ ምን አደረገ ብለው በረት ገቡ። ቀኑ እየሄደ ነው፤ ጥቅምት እየመጣ ነው፤ አንድም አሻራ የለም። እኔ ደግሞ፣ እውነተኛ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ይለምኑ ነበር፣ ይምሉ ነበር እያልኩ አስብ ነበር። ዝምታቸውን እንደ ማስረጃ ያዝኩባቸው።

የዕጣው ቀን ጥቅምት በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ዋለ። ጠዋት ቁርስ ሳንቀምስ አያ ስንሻው ደጃፉ ላይ ተቀምጠው የወይራ ስንጥር በቢላዋ ሲያበጁ አየሁ። አንዱን ጎን ልጠው ሌላውን ከነልጡ ተዉትና ኪሳቸው ከተቱት። ከበሩ ኋላ ስለነበርኩ አላዩኝም።

ጨፌው ላይ ገመዱ ተጣለ፣ ድርሻው ሁሉ ተለይቶ ዳር ዳሩ ሣሩ ተቋጠረ። ምልክቱም ተሰበሰበ። ዕጣ የሚጥል ልጅ ሲፈለግ ግን ጭቅጭቅ ተነሣ። የመንደሩ ልጅ ሁሉ አባቱ ድርሻ አለው። ከወንዝ ማዶ የመጣሁት፣ አባቴም ከዚያ ሣር ምንም የሌለው እኔ ብቻ ነኝ። ሆኖም የምክር ቤቱ የእህት ልጅ ነኝ። አያ ስንሻው ራሳቸው እሷን ተዉአት፣ ከሌላ መንደር ልጅ አስመጡ አሉ። ይህን ሲሉ ሰው ይበልጥ ጠረጠረ። አያ ጎበዜ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩና ፈረዱ።

«እሷ ትጣል። አስጠንቷት እንደሆነ ዛሬ እናያለን።»

ያሉት ለሁሉም ገባው። የወይራው ስንጥር ላይኛው ሣር ላይ ካረፈ አያ ስንሻው አለቀላቸው፤ አሻራውም አለቀለት ማለት ነው። እቴ የሻረግ ከሴቶቹ መካከል ሆነው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

ቋጠሮውን ተቀበልኩ። ከላይ ጀመርኩ፤ ወንዶቹ ከኋላዬ ተከተሉኝ። እጄን አግብቼ ጠጠር አወጣሁ፣ አስቀመጥኩ። ባቄላ አወጣሁ፣ አስቀመጥኩ። ሦስተኛው ላይ ጣቴ ስንጥሩን አገኘው። በአንድ በኩል ልስልስ፣ በአንድ በኩል ሻካራ። ሳላየው አወቅሁት። እዚያው ብተወው ዕጣቸው ነበር፤ ያ ቦታ ጨፌው ካለው ሣር የተሻለው ነው።

አልተውኩትም። ልለቀው የሚገባኝን ስንጥር በሌባ ጣቴና በመካከለኛው ጣቴ መካከል ይዤ ሌላ ጠጠር አወጣሁ። ለምን እንዳደረግሁት አልደብቅም፤ ተናድጄባቸው ነበር። ይህን ሁሉ ሰው የሚያታልሉ፣ እኔን በእስክሪብቶ የሚደልሉ መስለውኝ ነበር። ሊቀጣቸው የደፈረ ስለሌለ እኔ ልቅጣቸው አልኩ። ስንጥሩን እንደያዝኩ ጨፌውን በሙሉ ወረድኩ። ወንዙ ጥግ፣ እግሬ እስከ ቁርጭምጭሚቱ የገባበት የመጨረሻው ማጥ ላይ ስደርስ ለቀቅሁት። ያ ሁሉ ዓይን እየጠበቀኝ አንድ ሰው አላየም። ሁሉም የሚያየው ለእሳቸው ላዳላ እንደሆነ ነበርና።

ሰው እየዞረ ምልክቱን ፈለገ። ያገኘ እየሳቀ፣ እየረገመም ድርሻው ላይ ቆመ። አያ ስንሻው ከላይ ጀምረው እያነከሱ፣ እያንዳንዱን እያዩ ወረዱ። ማጡ ጋ ደርሰው ጎንበስ አሉና ስንጥሩን አነሡ። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቆመ፤ ሰው እርስ በርሱ ይተያይ ጀመር። አያ ጎበዜ ወደ ማጡ ወርደው ስንጥሩን ተቀብለው አገላበጡት፣ እኔንም ብዙ አዩኝ።

«ተንኮል ቢያውቅ ኖሮ ከዚህ ይጀምር ነበር» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ይችም ልጅ አድልዎ የላትም። ወረቀቱን እሷ ታንብበው።»

ድንጋይ ላይ አወጡኝ። አያ ስንሻው ወረቀቱን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝ። ሥዕሉን አልፌ ያቺን የማውቃትን መጀመሪያ አነበብኩ፤ በካርታው ላይ ጠፍ መሬት ተብሎ የተመለከተው። ያን ቀን ያቆምኩት እዚህ ላይ ነበር። ቀጥሎ ያለው ቃል «ቦታ» ነው፣ ከዚያ «ጠፍ አይደለም» ይላል። መስመሯን መልሼ በዓይኔ አየኋት። አያ ጎበዜ ቀጥይ አሉኝ። ስንት እርምጃ ርዝመት እንዳለው፣ ምንጩ ከየት እንደሚፈልቅ፣ ስንት በሬ በዚህ ሣር እንደሚያርስ ተጽፏል። ቀጥሎ የባለድርሻዎቹ ስም እንደ ጦር ስም ዝርዝር ቁልቁል ተደርድሯል፤ ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሴቶች ሳይቀሩ፣ ያን ቀን «ምን ቢያጎርሱት ነው?» ያለው ሰው ሳይቀር። ስማቸውን ሳነብ ሰዎቹ ሳያስቡት «አቤት» ይሉ ጀመር። ማንም አልሳቀም። የአያ ስንሻው ስም የመጨረሻው ነበር። ፊርማውም እሱ ነው።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። የቤተ ክርስቲያኑ የማኅተም ቀለም መጣ፤ መጀመሪያ አያ ጎበዜ አውራ ጣታቸውን ነክረው አሳረፉ፣ ከዚያ ሰው ተሰለፈ። ወረቀቱ በጊዜው ሄደ። ከወር በኋላ ያንኑ መሣሪያ የያዙ ሰዎች መጥተው ችካሎቹን ነቀሉ። ሰው ደስ አለው፤ አያ ስንሻውን ግን አንሥቶ የተሸከመ የለም። እሳቸው ማጡ ላይ የበቀለውን ግጫ አጭደው ከመሩት። ቦራ ግን አልበላ አለ፤ በበጋው እየከሳ ሄዶ አንድ ቀን በረት ውስጥ ተኝቶ ቀረ። በሚቀጥለው እርሻ የተረፈውን በሬ ከጎረቤት በሬ ጋር አቀናጅተው ነው ያረሱት፤ ተራቸው እስኪደርስ ዘሩ ዘገየ።

ከዕጣው በኋላ በነበረው ሳምንት ምሳ ይዤላቸው ወረድኩ። ቅቅል ድንችና ሚጥሚጣ ነው። ማጡ ውስጥ እስከ ጉልበታቸው ገብተው ያጭዳሉ፤ በሽተኛው እግራቸው ላይ ሁለት አልቅት ተጣብቋል። እኔን ሲያዩ ቀና አሉ። ምሳውን አልተቀበሉኝም። በቀኛቸው በኩል እንድሆን በእጃቸው አመለከቱኝ። ዞሬ ቆምኩ።

«ስንጥሩን ታውቂው ነበር፣ ትርንጎ?» አሉኝ።

«አላውቀውም ነበር» አልኩ።

ብዙ አዩኝ። የተቆጡ አይመስሉም፤ የደከማቸው ይመስላሉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው አልቅቱን ከእግራቸው ነቀሉና ወደ ወንዙ ወረወሩት።

«ጎሽ። ማንም ቢጠይቅሽ እንዲሁ በይ። ዕጣው ተንኮል ነበረበት ከተባለ አሻራውንም አላደረግንም ይላሉ።»

ማጨዳቸውን ቀጠሉ። እኔ ምሳውን ደረቅ ሣር ላይ አስቀምጬ እያለቀስኩ ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ የሚጠይቀኝን ሰው ጠበቅሁ። መልሴን አጥንቼ፣ ፊቴን እንዴት እንደማደርግ ሳይቀር አስቤበት ነበር። አያ ጎበዜ መንገድ ላይ ባገኙኝ ቁጥር አቁመው ግንባሬን ይስሙኛል፣ እንዳንቺ ያለ ይብዛ ብለው ይመርቁኛል። የመንደሩ ሰውም በሚቀጥለው ዓመት፣ ከዚያ በሚቀጥለውም፣ ዕጣ እንድጥል ከወንዝ ማዶ እየመጣ ወሰደኝ። እዚያ አገር፣ ሁሉም ሁሉን በሚጠረጥርበት አገር፣ እኔን የጠረጠረኝ አንድ ሰው እንኳን አልነበረም።